ለሁለት ጥንቸሎች ያወጣሁት ፕሮግራም

ጥንቸሎቹን ያመጣኋቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በጥቅምት ወር ነው። ቤቴል የምትኖር አንዲት የክፍሌ ልጅ ቤተሰቦቿ ቤት ሊቀይሩ ሆነ፤ አዲሱ አከራይ ደግሞ እንስሳ አልፈልግም አለ። "አንቺ ጠንቃቃ ነሽ፤ ካንቺ ሌላ የማምነው ሰው የለም" አለችኝ። ጠንቃቃ ነሽ ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው እምቢ ማለት አልችልም። ያኔም አልቻልኩም፣ አሁንም ብዙ አልተለወጥኩም።

ሁለቱን በብስኩት ካርቶን ከትቼ፣ ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ በታክሲ ወደ ኮልፌ መጣሁ። ረዳቱ የካርቶኑን መንቀሳቀስ አይቶ "እህት፣ ዶሮ ከሆነ የራሱን ሂሳብ ይከፍላል" አለኝ። ጥንቸል ነው ስለው ከኋላ ያሉት ሳይቀሩ ሳቁ።

ቤታችን ውስጥ ሦስት ነን፤ እናቴ፣ የእናቴ አባት የሆኑት አያቴ፣ እኔ። እናቴ መርካቶ ልብስ ስለምትሸጥ በጠዋት ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው። አያቴ በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ገመድና ሸራ ሲሸጡ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም እኛ ጋ የገቡ ሰው ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ቀኑን ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይውላሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ደህናውን ኮታቸውን ለብሰው፣ የውጭውን በር ቁልፍ ኪሳቸው ከተው፣ በታክሲ አስኮ ይሄዱ ነበር። እዚያ አብረዋቸው ከአገር የወጡ አንድ ጓደኛ ነበሯቸው። ጓደኛቸው ጆሯቸው ስለማይሰማ በስልክ መጫወት አይሆንላቸውም፤ መሄድ ብቻ ነው። ከሳምንቱ ውስጥ የአያቴ የራሳቸው ቀን ያ ነበር።

ካርቶኑን ስከፍት አያቴ ጎንበስ ብለው አዩ።

"ይበላል?" አሉኝ።

"አይበላም፣ አባባ።"

"ይታለባል?"

"ኧረ አይታለብም።"

"ይጮኻል? ሌባ ያባርራል?"

"ድምፅም የለው።"

"እንግዲያው እንደኔ ጡረተኛ ነው፤ ይግባ" አሉ።

በዚያው ሳምንት ከሱቃቸው በተረፈ ጣውላና በወንፊት ሽቦ ቤት ሠሩላቸው። አንዷ ነጭ፣ ሌላዋ ግራጫ ነበረች። ስም አላወጣንላቸውም፤ ነጯና ግራጫዋ ነበር የምንላቸው።

የኔ ቀን ግን ሞልቶ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ቱቶሪያል፣ ማታ ንባብ። እንስሳ ያመጣ ሰው ደግሞ ጊዜ የለኝም ሊል አይችልም። ስለዚህ ፕሮግራም አወጣሁ። ከደብተሬ መሃል ወረቀት ቀድጄ በማስመሪያ ሰንጠረዥ ሠራሁ፤ የጠዋት ምግብ፣ የማታ ምግብ፣ ጽዳት። አንዱን በሠራሁ ቁጥር ሳጥኑ ውስጥ ራይት አደርጋለሁ። ወረቀቱን ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍኜ ከጥንቸሎቹ ቤት በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

በኅዳር አያቴ እኔ በሌለሁበት ጥቅል ጎመን አበሏቸው። ከእኔ ድርቆሽ በኋላ፣ ጎረቤት ከሰጠቻቸው ካሮት በኋላ። የግራጫዋ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፋ። በማግስቱ ከትምህርት ቀርቼ ሆዷን ሳሽ ዋልኩ። ወደ ማታ ተረፈች። ያን ዕለት በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አያቴ ላይ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

"አባባ፣ ሊገድሏት ነበር እኮ!"

"ለመነችኝ" አሉ። "ሽቦው ላይ በሁለት እግሯ ቆማ ለመነችኝ። የለመነን እንዴት ልከልክል?"

ወረቀቱ ጋ ወስጄ ሕግ ሰጠኋቸው። ራይት ካለ በልተዋል ማለት ነው፤ ቢለምኑም አይስጡ። ራይት ከሌለ አልበሉም፤ ያኔ ዕቃ ቤት ካለው ማዳበሪያ አንድ ጭብጥ ድርቆሽ ይስጡ። አያቴ ምልክቷን በጥፍራቸው ተከትለው "ይቺ ክንፏ የተሰበረች የምትመስለው?" አሉ። እሷ ናት አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሕጉን ከእኔ በላይ ጠበቁት። ጎረቤታችን የጎመን ቅጠል ይዛ ስትመጣ በከዘራቸው መንገድ ይዘጉባታል። "አይቻልም፣ ተጽፏል" ይሏታል። "አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ማንበብ ቻሉ?" ብላ ስትስቅባቸው "ጥንቸል ካስተማረኝ ወዲህ" ይሉ ነበር።

የባዮሎጂ መምህራችን ስለ ፕሮግራሙ ሰምቶ ክፍል ፊት እንድናገር አደረገኝ። ኃላፊነት ማለት ጊዜ ሲኖረን የምንሠራው ሳይሆን ጊዜ ሲጠፋ የማንተወው ነው አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ባስታወስኳት ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይሞቃል።

በግንቦት የሞዴል ፈተና መጣ። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ሦስት ቀን። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ቤታቸውን አጸዳሁ። ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ስለምወጣ የሦስቱን ቀን ድርቆሽ አንድ ላይ ልሞላላቸው አሰብኩ። ወረቀቱ ላይ ባዶ ሳጥን ማየት ደግሞ አልወድም ነበር። እስክሪብቶው እጄ ላይ ስለነበር በመጀመሪያ ራይቶቹን አደረግሁ፤ ስድስት ራይት፣ ቀጥ ብለው የተሰለፉ። ከዚያ ድርቆሹን ላመጣ ወደ ዕቃ ቤቱ ዞር ስል ስልኬ ጠራ። የክፍሌ ልጅ ናት፤ አንድ የኬሚስትሪ ጥያቄ አልገባትም። እያስረዳኋት ወደ ቤት ገባሁ።

ድርቆሹን አላመጣሁም። ረሳሁ ብል ሙሉው እውነት አይደለም። ምልክቱን ካደረግሁ በኋላ ልቤ ሥራው እንደተሠራ ቆጥሮ አረፈ። ጥንቸሎቹን ባሰብኳቸው ጊዜ ሁሉ ወረቀቱ ነበር የሚታየኝ፤ ወረቀቱ ሙሉ ነበር።

ረቡዕ ማታ በጓሮ ሳልፍ ሽቦውን ሲቧጥጡት ሰማሁ። መጫወት አምሯቸው ነው፣ ፈተናው ይለፍ ብቻ አልኩ። ሐሙስ እራት ላይ መጽሐፌን ከሳህኔ አጠገብ ዘርግቼ ስበላ አያቴ "እነዚህ ልጆችሽ ዛሬስ በጣም ለመኑኝ" አሉ።

"ራይት አለ አይደል፣ አባባ?" አልኳቸው፣ ቀና ሳልል።

"አለ።"

"እንግዲያው ዝም ይበሏቸው።"

"እሺ" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "እሺ" አሉ።

ዓርብ ፈተናው በጊዜ አለቀ። ጥሩ እንደሠራሁ አውቄ ነበር። ለደስታዬ ብዬ ከጉልት አንድ እስር የካሮት ቅጠል ገዛሁላቸው። ግቢ ስገባ አያቴ ከጥንቸሎቹ ቤት ፊት ለፊት ዱካቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"ዛሬስ ጨዋ ሆነዋል" አሉኝ ፈገግ ብለው። "አንዴም አልለመኑኝም።"

ነጯ በጎኗ ተኝታ እግሮቿን ዘርግታ ነበር። ነካኋት፤ ቀዝቅዛለች። ግራጫዋ ጥጉ ላይ ኩርምት ብላ ጥርሷን ታፋጫለች። የምግቡ ሣጥን ውስጥ አንዲት ሰበዝ የለም። የተላሰ ነው የሚመስለው። ቀና ብዬ ወረቀቱን አየሁ። አያቴ ዓይኔን ተከትለው ወረቀቱን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን አዩ። ፊደል ባይቆጥሩም የሰው ፊት ያነባሉ፤ ስንት ዓመት ገበያ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ውሃ ሰጥቻቸዋለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "ውሃ ራይት የለውም ብዬ። ውሃ ለማንም አይከለከልም።"

ለእናቴ ደወልኩላት፤ ማልቀሴን ስትሰማ ሱቁን ዘግታ መጣች። ግራጫዋን በፎጣ ጠቅልለን ሦስታችንም በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ ሆዷን ዳብሶ "ከበላች ስንት ቀኗ ነው?" አለ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ ሦስታችንንም አየን።

"የሚያበላት ማነው?"

"ልጄ ናት" አለች እናቴ። "ፕሮግራም አላት። አንድ ቀን እንኳ አስተጓጉላ አታውቅም።" ይህን ስትል ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበር። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ፤ አፌ ተከፈተ።

"እኔ ነኝ" አሉ አያቴ። "ፈተና ላይ ስለሆነች ለኔ አደራ ብላኝ ነበር። ረሳሁ።"

እናቴ ዞረች። "ሦስት ቀን ሙሉ፣ አባባ?"

"ሦስት ቀን ሙሉ። እርጅና ነው።"

ወደኔ አላዩም። ማለት የነበረብኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ አላልኩትም። እናቴ ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን አልተቆጣችም። ፈራች። ሐኪሙ መርፌውን እያዘጋጀ "በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል፤ ከአሁን በኋላ ቢከታተሏቸው ጥሩ ነው" አላት። ስለ ጥንቸሏ የሚናገር መስሎኝ ነበር።

ግራጫዋ ቅዳሜ ጠዋት ሞተች። አያቴ ግቢያችን ውስጥ በተከሏት እንሰት ሥር ሁለቱንም ጎን ለጎን ቀበሯቸው። እጃቸውን ታጥበው ኮታቸውን ለበሱ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

"አባባ፣ ዛሬ ብቻዎን አይሄዱም።"

"ለምን?"

"መውረጃዎ ቢጠፋብዎትስ? ሦስት ቀን ሙሉ የረሳ ሰው..." እጇን ዘረጋች። አያቴ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ያኔ ብቻ አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ምንም አልለመኑኝም።

"ፈተናዋን ስትጨርስ እሷ ትወስድዎታለች" አለች እናቴ። እኔም ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮታቸውን ለብሰው ከባዶው የጥንቸል ቤት አጠገብ ይቀመጡ ነበር። እኔ በመስኮት እያየኋቸው አጠናለሁ። ብሔራዊ ፈተናው ይለፍና እናገራለሁ እል ነበር። አሁን ብናገር እናቴ ትሸበራለች፣ እኔም እሸበራለሁ፣ ፈተናው ይበላሻል። ምክንያቴን እንደ ፕሮግራሜ ቀጥ አድርጌ ደርድሬው ነበር።

ፈተናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው የአስኮው ጓደኛቸው ማረፋቸውን ሰማን። እናቴ አያቴን ክንዳቸውን ይዛ ለቅሶ ወሰደቻቸው። ሲመለሱ ከዘራቸውን በሩ ላይ አቁመው ለረጅም ጊዜ ጫማቸውን አላወለቁም።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበር አውጥቶ ደጃፍ ላይ ይጠብቀኝ ነበር አሉ" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

እኔ ፈተናውን አለፍኩ። ውጤቴ ጥሩ ነበር፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ መረቀኝ፣ አያቴም መረቁኝ። አሁን ከአዲስ አበባ ርቆ ባለ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኞቼ የጽዳት ተራ እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። ጠንቃቃ ነሽ አሉኝ። ሰንጠረዡን አሰመርኩላቸው፤ እስክሪብቶ ግን በላዩ ላይ ማሳረፍ አቃተኝ። ለእረፍት በየካቲት ቤት ስገባ በመጣሁበት ቀን ተናገርኩ። እናቴ ልብስ ታጣጥፋለች፣ አያቴ ሬዲዮ ይሰማሉ። ስለ ስድስቱ ራይት፣ ስለ ሐሙሱ እራት፣ ስለ ሐኪሙ ቤት ሁሉንም ነገርኳቸው።

እናቴ ልብሱን አስቀመጠች። "ያኔ ለምን አልተናገርሽም?"

"ጥሩ ልጅ እንድባል" አልኩ።

አልተቆጣችኝም። ተነስታ ከቁልፎቿ መካከል አንዱን ነቅላ አያቴ መዳፍ ላይ አኖረችው። "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለች። እኔም እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

"ማን ጠየቀሽ?" አሉኝ ሬዲዮውን እየቀነሱ። "እኔ ያን ነገር ከእንሰቷ ሥር ቀብሬው ነበር እኮ። ተነሺ። ተነሺ፣ ልጄ።"

ከዚያ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት።

"አሁን የት ልሄድበት?" አሉ።

እንደ ወቀሳ አልነበረም። የምር ነበር የጠየቁት። እናቴ "ቤተ ክርስቲያን፣ ዘመድ ጋ፣ ደስ ያለዎት ቦታ" አለቻቸው። "እሺ" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ "እሺ" አሉ። ቁልፉን ሬዲዮው አጠገብ አስቀመጡት።

እረፍቴ አልቆ በሄድኩበት ጠዋት ቁልፉ እዚያው ነበር። አያቴ ሊሸኙኝ ሻንጣዬን በአንድ ጎን ይዘውልኝ እስከ ውጭው በር መጡ። እዚያ ሲደርሱ ሻንጣውን መሬት አስቀመጡ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እኔ በቁልፌ እስክከፍት ቆመው ጠበቁ።