ቅዳሜ ቅዳሜ የምትጠገነው መኪናችን

ወሬውን ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ጽጌ ናት። «ባልሽ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዚያች ፈት፣ ከሰናይት ጋራዥ አይጠፋም» አለችኝ። እኔ ደግሞ የአሮጌ መኪናችንን መሪና ሾክ ባሌ ሙሌ ራሱ ነው የሚጠግነው እያልኩ እዚህ ቴክሳስ፣ በምንኖርባት በዩለስ ከተማ ላለች ሐበሻ ሴት ሁሉ ሳወራ ነበር!

ቅናቱ ብው አደረገኝና ሄድኩ። መኪናችን በክሪክ ተነስታ፣ ከስሯ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተው እግራቸው ብቻ ይታያል። የባሌን ጫማ ለየሁና ጎትቼ አወጣሁት። የበራ የእጅ ባትሪ ይዟል።

«አንተ! እዚህ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

ሰናይት ከስር ሆና ጮኸች። «ሙሌ፣ መብራቱን ወዴት ወሰድከው? የመሪውን ብሎን ገና አላጠበቅኩም እኮ!»

መኪናችን አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጽጌ ቤት ቀይራ ፍሪስኮ የምትባል ሌላ ከተማ ገብታለች። ሙሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት ሆኖ ወጥ ይሠራል። ጋራዥ ሄጄ ለሰናይት ባትሪ የምይዝላት እኔ ነኝ።