ከወንዙ ማዶ የተቀመጡት ሰዎች

ሰው የዓመት ፈቃድ ሲወጣ ሐዋሳ ይሄዳል፤ ዓሣ ይበላል፣ ሐይቅ ዳር ፎቶ ይነሳል። እኔ ጫካ ነበር የምገባው። ቦንጋ ውስጥ በአንድ ቢሮ ጸሐፊ ነኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ተጣብቄ እከርምና ቡናው ሲቀላ ፈቃዴን አስሞልቼ ከአባቴ ጋር ወደ ቤተሰባችን የጫካ ቡና እሄድ ነበር። ከመኪና መንገዱ ቁልቁል ተወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ ነው። ባለቤቴ በዚህ ሲያሾፍብኝ ነው የኖረው። ከደካና ከቢታ ገነት በአይሱዙ ጭነት የሚያመላልስ ሹፌር ነበር፤ አፉ ሥራ አይፈታም። «የቢሮ ሰው አገባሁ ብዬ፣ ለካ ያገባሁት ጉሬዛ ኖሯል!» ይለኛል። እኔም አልተኛለትም፤ «ጉሬዛስ ቤቷ ታድራለች፣ አንተ ነህ በየመንገዱ የምታድረው» እለዋለሁ።

እዚያ የምናድረው ድንኳን ውስጥ ነው፤ ድንኳን ስል ግን የቱሪስቶቹ ዓይነት፣ በዚፕ የሚዘጋው እንዳይመስላችሁ። የእኛ ድንኳን የቀርከሃ ቋሚ፣ አንድ አግዳሚ እንጨት፣ ከላዩ ሸራ ነው። በሐረግ ይታሰራል። መሬቱ ላይ ኮባ ይነጠፋል፣ በኮባው ላይ ብርድ ልብስ። በር የለውም፤ በሩ ላይ እሳት ይነድዳል፣ አለቀ። ውሃው ከወንዝ ነው፣ ምግቡ ቆጮና ጎደሬ፣ ሽንት ቤቱ ደግሞ የወደዳችሁት ዛፍ ሥር። ቀን ቡና እንለቅማለን፣ ማታ ጭስ እየጠገብን እንተኛለን። ያን ዓመት ሸራው አርጅቶ ያንጠባጥብ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ድስት ከቦታ ቦታ ሳዞር አድር ነበር።

ልቤ ግን የቀረው ቤት ነበር። እናቴ ደም ብዛት አለባት። ድሮ ከሁላችንም ቀድማ ጫካ የምትገባው እሷ ነበረች፤ ሕመሙ ከጀመራት ወዲህ ግን ሐኪሙ ዳገት ከልክሏታል። ልንወጣ ስንል ራሴን አሞኛል ብላ ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ አስራለች። «በቃ እኔ እቀራለሁ» ብላት ጮኸችብኝ። «ቡናው መሬት ሲረግፍ ቁጭ ብለሽ ፊቴን ልታዪ ነው? ሂጂልኝ!» አለች። ሄድኩላት። መንገዱን ሁሉ ግን ዞር እያልኩ ነበር።

ስልክ የሚሠራው ከድንኳኑ በላይ ባለችው ጉብታ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ደስ ሲለው። ረቡዕ ወጥቼ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። «እናቴን አየት አድርግልኝ» አልኩት።

«አሁን ከእሷ ጋ ነው የመጣሁት፤ ምሳ አብልታ አስተኝታኝ ነበር። ከአንቺ ትሻለኛለች።»

«ሸራውም እያፈሰሰ ነው» አልኩት።

«ቅዳሜ አዲስ ሸራ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ከጉሬዛ ዘመዶችሽ ጋ ተጠለይ!»

ሳቅኩና ዘጋሁበት።

ሐሙስ ዝናቡ መጣ። ዝናብ ለእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ ይሄኛው ግን እልኸኛ ነበር። ከምሳ በኋላ ጀምሮ እስኪመሽ አላቋረጠም። አባቴ ወንዙን ሊያይ ወረደና ራሱን እየነቀነቀ ተመለሰ። የምንሻገርበት ትልቅ ግንድ ነበር፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ እዚያው የተጋደመ። «ግንዱ ሄዷል» አለኝ። እንግዲህ ወዲያ መሻገር የለ፣ ወዲህ መምጣት የለ። ጉብታዋ ላይ ብወጣም ስልኩ ጭጭ አለ። ኔትወርኩም ከግንዱ ጋር ሄዷል አልኩ።

ዓርብ ጠዋት ዝናቡ አባራ። ወንዙ ግን ቀይ ሆኖ ሙሉ ነው፤ ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል። ዳር ላይ ቆመን ስናየው ከማዶ፣ በከተማው በኩል፣ ሰዎች ከጫካው ብቅ አሉ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ወንዶች ነበሩ። ቆየት ብለው ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ተጨመሩ፣ ከኋላቸው ደግሞ ሴቶች። እኔ ሩቅ አይታየኝም። መነጽሬን ጭስና ላብ ያስቸግረኛል ብዬ ቤት ትቼዋለሁ፤ ሴቶቹ ለእኔ ነጠላ ብቻ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ወደ ውሃው ጠጋ ሲሉ ግን አንዱን በቁመታቸው ለየኋቸው፤ የባለቤቴ ትልቅ አጎት ናቸው። ከቦንጋ ራቅ ብሎ ዋጫ ከተማ ነው የሚኖሩት። እሳቸው ለዋዛ ከቤታቸው የሚወጡ ሰው አይደሉም።

አባቴ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ። «ምን መጣ?»

አጎትየው መልሰው ጮኹ። «ምንም የለም! ወንዙ ይጉደል ብቻ! ቁርስ ብሉ!»

ቁርስ ብሉ! የደነገጥኩት ያኔ ነው። ያ ሁሉ ሰው በማለዳ ያን ቁልቁለት የወረደው ቁርስ ብሉ ሊለን ነው? እኛ አገር መርዶ በጩኸት አይነገርም፣ በስልክም ቢሆን ነውር ነው። ሰው ተሰብስቦ፣ ቀርቦ፣ አስቀምጦ ነው የሚያረዳው። እስከዚያ ድረስ ይዋሻል። እኔም ስንት ሰው ዋሽቻለሁ፤ የቢሯችንን ጥበቃ አባታቸው የሞቱ ጊዜ «ትንሽ አሟቸዋል» ብዬ መኪና ላይ ያሳፈርኳቸው እኔ ነኝ።

«እናቴስ?» ብዬ ጮኽኩ።

ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። ከዚያ አንድ ጎልማሳ እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ትንሽ አሟታል! ደህና ናት!»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። እናቴ ሞታለች።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሴ አልነበረም፤ ስለ አባቴ ነበር። የዓይኑ ነገር የእኔ ተገላቢጦሽ ነው። ደብዳቤ ቢሰጡት አያነብም፤ ከማዶ ተራራ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ግን ንብ ገብቶበት እንደሆነ ከዚህ ይነግራችኋል። እጁን ቅንድቡ ላይ ጋርዶ ሰዎቹን ብዙ አያቸው። ከዚያ እጁን አወረደና ወደ እኔ ዞረ። «ለዳዶ መጥተው ይሆናል» አለኝ። ዳዶ የምንለው ደቦን ነው። «ዝናቡ ያረገፈውን ቡና ሊያግዙን ነው እንጂ።»

ወይ አባቴ! አልገባውም አልኩ። ዕድሜ ልኩን ከእሷ ተለይቶ ያደረው እሷ ከታመመች ወዲህ ጫካ ሲገባ ብቻ ነው፤ እንዴት ብዬ ነው እኔ፣ ብቻዬን፣ በዚህ ዱር ውስጥ «ሚስትህ የለችም» የምለው? ያ ሁሉ ሽማግሌ ተሰብስቦ የማይደፍረውን? መርዶውን ከእኔ አፍ አይሰማም ብዬ ቆረጥኩ። «አዎ፣ ለዳዶ ነው» አልኩት።

ከማዶ ሸራ ወጥረው ሥሩ ተቀመጡ። ያ ሸራ ሲወጠር ሳይ የቀረችኝ ተስፋም ሄደች፤ የለቅሶ ድንኳን ነው የመሰለኝ። እኛም ከወዲህ ተቀመጥን። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ተያየን። ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው ድምፅ በሚደርስበት ርቀት ላይ የእናቴን ነገር የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ መሄድ አልችልም፣ እነሱ መምጣት አይችሉም፣ መጮህ እንኳ አይቻልም። ወንዙን ሰደብኩት። ድንጋይ ወረወርኩበት። ምን ይሆናል! በኋላ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። አባቴ ከኋላ ልብሴን ጨምድዶ ጎተተኝና ሁለታችንም ጭቃው ላይ ወደቅን።

«አንቺ ልጅ! ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው!» አለኝ።

አንድ ነገር አስተውያለሁ። ከዚያች ከጠዋቷ መልስ በኋላ ማንም እኔን አላናገረኝም። ሲጮኹ የሚጮኹት ለአባቴ ነው፤ እኔ ስነሳ እነሱ ወደ ሸራው ሥር ይገባሉ። ሐዘኑ የእሱ ስለሆነ ነው አልኩ። ባለቤቴንም በዓይኔ ፈለግኩት። በአካሄዱ አውቀዋለሁ፣ የለም። ጎሽ፣ አልኩ በልቤ፤ ቀብሩን እሱ ይዞታል ማለት ነው። ለእናቴ ከእኔ በላይ ልጇ እሱ ነው። ሳጥኑን፣ ዕድሩን፣ መኪናውን እሱ እያሯሯጠው ነው። እኔ ስደርስ እሱ አለ። ቀኑን የገፋሁት በዚያች ነው።

አባቴ ጎደሬ ጠብሶ፣ ልጦ፣ ማር አፍስሶበት አመጣልኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ነበር እንዲህ የሚያደርግልኝ። «ብዪ። ነገ መንገድ አለብሽ።»

«አልበላም።»

«ለእኔ ስትዪ ብዪ።»

ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ ተናደድኩበት። ሰው ሚስቱ ታመመች ሲባል ማር ይዞ ይዞራል? የመጡት ለዳዶ ነው እንኳ ቢል፣ ታማለች ብለዋል እኮ! ምነው አይደነግጥም? «እማዬ አሟታል ሲሉ አልሰማህም እንዴ?» አልኩት፣ ሳላስበው ከአፌ አምልጦኝ።

ቀና ብሎም አላየኝም። «እናትሽ ምንም አትሆንም» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩ፤ ፊቴንም ወደ እሳቱ አዞርኩ፣ እንባዬን ጭሱ ነው ያመጣው እንዲል።

ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባል የለ? ያን ሌሊት አንድ ሸራ ሥር ተኝተን፣ ከዛፎቹ የቀረው ጠፈጠፍ ድስቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እኔም አልተኛሁ፣ እሱም አልተኛ። ጋቢውን አውልቆ አለበሰኝ። ሲበርደው ይሰማኛል፤ ብመልስለት አይቀበልም። አንዴ ብቻ «ልጄ» አለኝ። «አቤት አባዬ» ብለው ተነስቶ እሳቱን ቆሰቆሰ። ነገ ስንሻገር እንዴት እንደምደግፈው፣ ቢወድቅ በየት በኩል እንደምይዘው ሳስብ ነጋ።

ቅዳሜ ውሃው ጎደለ። ከማዶ ወንዶቹ ዛፍ ጥለው አጋደሙ፣ ገመድ ወረወሩልን። አባቴን ላስቀድመው ብል እምቢ አለ፤ «አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ከኋላሽ ነኝ» አለኝ። ተሻገርኩ። ሰዎቹ ተነስተው ቆሙ። አጎትየው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ...» ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን ያዝኩ።

«አውቄዋለሁ» አልኳቸው በቀስታ። «ከትናንት ጀምሮ አውቄዋለሁ። ለእኔ አትጨነቁ። አባቴን ግን ቆሞ እንዳትነግሩት፤ መጀመሪያ አስቀምጡልኝ፣ እባካችሁ።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ያኔ ከሸራው ሥር፣ ከሴቶቹ ኋላ፣ እናቴ ወጣች።

በሁለት እግሯ! እናቴ! ግንባሯ ላይ ያው ሻሽ። መጀመሪያ አላመንኩም፣ ከዚያ ጮኽኩ። እልል አልኩ፤ አዎ፣ እልል ብያለሁ፣ ያ ሁሉ ሰው ሰምቶኛል። «አለሽ እንዴ! አንቺ! አለሽ እንዴ!» እያልኩ አገላብጬ ሳምኳት፣ ፊቷን በጭቃማ እጄ ደባበስኩት። ሳቄ አልቆም አለኝ። ዞሬ ሰዎቹ ላይ ጮኽኩባቸው። «ምን ሆናችሁ ነው ሰው የምታስደነግጡት! ገደላችሁኝ እኮ! እሷንስ በዚህ ዳገት ማን አምጣት አላችሁ?»

የሳቀ የለም። ወደ አባቴ ዞርኩ፣ እሱ እንኳ ከእኔ ጋር ይሳቅ ብዬ። «አባዬ፣ አየሃት?» አልኩት። አባቴ ግንዱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኗል። አልገረመውም። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ፣ ከማዶ ሆኖ፣ በአረማመዷ ለይቷት ነበር። የራሱ ሚስት በሕይወት እንዳለች ሲያይ ያ ሁሉ ሰው ለማን እንደመጣ ያኔውኑ ገብቶታል። እናቴን ደብቀው «አሟታል» ያሉኝም ስለ ሌላ ሰው እንዳልጠይቅ ነበር። ቀኑን ሙሉ እኔ እሱን ስደብቅ፣ እሱ እኔን ሲደብቅ ነው የዋልነው።

እናቴን እንደገና አየኋት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች። በዙሪያዋ የቆሙት ደግሞ የባለቤቴ እህቶች፣ የባለቤቴ አክስት፣ የባለቤቴ አጎቶች ናቸው። ከእሱ በቀር ሁሉም አሉ።

«ሐሙስ ነው» አለች እናቴ። «በዚያ ዝናብ። መንገዱ ከነመኪናው ይዞት ወረደ።» ሁለት እጄን ጨብጣ ይዛለች፣ ፊቴን እንዳልነጭ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አልኳት። «ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎኛል።»