ሙሴ የሌለው ማኅበር

እሑድ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ለአባቴ ማኅበር ወንበር ስደረድር ስልኬ ጠራ። አለቃዬ ነበር። እሑድ ደውሎልኝ አያውቅም።

«ትናንት ድንጋይ ካባው ላይ ነበርሽ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«ሥራ ያስቆመው ማነው? ዋናቸውን ንገሪኝና ቁጭ ብለን እንነጋገር። ያን ሁሉ ሰው ማነጋገር አልችልም።»

«አሁን እንግዳ እየመጣብኝ ነው» አልኩት። «ይሁን፣ ነገ ጠዋት ትነግሪኛለሽ» ብሎ ዘጋው።

ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ጂኦሎጂ ተምሬ ከላፍቶ ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ ካባ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ቅዳሜ ከደማሚቱ በኋላ ገደሉ ተሰነጠቀ። ሁልጊዜ ሹራብ የሚለብስ አንድ ቀጭን ሰውዬ መዶሻውን መሬት አስቀምጦ «ይሄ የላላው ድንጋይ ሳይወርድ ከሥሩ አንገባም» አለ። ሌሎቹም መዶሻቸውን አስቀመጡ። ስንጥቁን እኔም አይቼዋለሁ፤ ልክ ነበሩ። እና ብነግረው ምን አለበት፣ ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ ብዬ አሰብኩ። ግን መረጋጋት አቃተኝ። ወንበሮቹን አንዴ ወደ መስኮቱ፣ አንዴ ወደ ግድግዳው ሳዞር ቆየሁ።

የአባቴ ማኅበርተኞች ሽማግሌዎች ናቸው። ሁሉም፣ አባቴም ጭምር፣ በወጣትነታቸው ደቡብ ውስጥ ወርቅ ቆፋሪዎች ነበሩ፤ አሁን በነፋስ ስልክና በአካባቢው ተበታትነው ይኖራሉ፣ በወር አንዴ ይገናኛሉ። የዚያን ቀን ተራው የእኛ ነበር፣ መካኒሳ። የቀድሞው የንስሐ አባታቸው አርፈው፣ በምትካቸው አንድ ወጣት ቄስ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥተዋል።

ጸሎቱ አልቆ ጽዋው ከዞረ በኋላ ቄሱ «የማኅበሩ ሙሴ ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ጠላው ላይ አቀረቀሩ።

«ሙሴ የለንም፣ አባታችን» አለ አባቴ።

«አለቃ የሌለው ማኅበር እንዴት ይሆናል? በሉ ዛሬ እንምረጥ።»

«እሳቸውን ይሹሟቸው» አሉ አንዱ፣ አጠገባቸው ወደተቀመጡት ሽማግሌ እየጠቆሙ። «ጆሯቸው አይሰማም፤ ማንም ቢጠራቸው አይነሱም።»

ተሳሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ በረደ፤ ቄሱም ነገሩን አልተዉትም። አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ያኔ ወርቅ ስንቆፍር ሁለት ልጆች ጉድጓድ ተንዶባቸው ሞቱ» አለ። «ጣሪያው በእንጨት ካልተደገፈ አንወርድም አልን። አለቆቹ ወታደር ይዘው መጡ። ግን በክፉ አልጀመሩም። ተናጋሪያችሁን ስጡንና ቁጭ ብለን እንነጋገር አሉን። እንደ ሰው ቆጠሩን ብለን ደስ አለን። አንደበት ያለውን መርጠን፣ ጥሩ ኮት አልብሰን ላክነው።»

«ኮቱ የኔ ነበር» አሉ አይሰሙም የተባሉት ሽማግሌ።

«ከቢሯቸው ጀርባ ወስደው ተኮሱበት። ስንጮህ ወደ እኛም ተኮሱ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ከፊት አናስቀድምም። ማነው ያለው ስንባል፣ ሁላችንም ነን እንላለን።»

ቄሱ መስቀላቸውን ዳሰሱና «ዳቦው ይቆረስ» አሉ።

አባቴ ይህን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። ዳቦውን ሳድል የአለቃዬን «ቁጭ ብለን እንነጋገር» አሰብኩ። ዛሬ ጥይት አይኖር ይሆናል። ነገር ግን ስሙን ከሰጠሁ ሹራብ ለባሹ ሰውዬ በማግስቱ ካባው ላይ እንደማይኖር ገባኝ። ገደሉ ደግሞ እንደተሰነጠቀ ይቆያል፣ ሌሎቹም ከሥሩ ይገባሉ። ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ አባቴን ላማክረው አፌ ላይ ደረሰ፤ ተውኩት። የሚለውን ብሎ ጨርሷል።

ሰኞ ጠዋት ሀይሌ ጋርመንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የምናገረውን በልቤ ደጋገምኩት። ቢሮ ስገባ አለቃዬ «እሺ፣ ማነው?» አለኝ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ።

«ዋና የላቸውም። ሁሉም ናቸው ያሉት» አልኩ። «ስንጥቁን እኔም አይቻለሁ። የላላው ሳይወርድ ሰው ከሥሩ መግባት የለበትም።»

«አንቺም ከነሱ ነሽ በይኛ።»

«አዎ።»

ሌላ ነገር እስኪናገር አልጠበቅኩም። ሄልሜቴን አንስቼ ወደ ካባው በሚሄደው መኪና ተሳፈርኩ። ስደርስ ሰዎቹ ከገደሉ ርቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሹራብ ለባሹም አለ። ከመሀላቸው ባዶ ቦታ ፈልጌ ተቀመጥኩ።