ወንበሩን ከእናቴ ራስጌ ያነሳልኝ ጌታ

ጤና ረዳቱ የእናቴን የእጅ ቆዳ በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ለቀቀው። ቆዳው አልተመለሰም፤ እንደ ትንሽ ድንኳን ቆሞ ቀረ። እኔም አብሬው ቆሜ ቀረሁ።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ከዚያ ቆዳ ጀምሬ ልነግራችሁ እወዳለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለምፈራ ጽፌ ነው የመጣሁት። ሳነብ ብንቀጠቀጥ ነፋስ ነው በሉልኝ።

ጤና ረዳቱ ቤታችን ድረስ የመጣ ደግ ሰው ነው። ሰውነቷ ውስጥ ውኃ እያለቀ ነው አለኝ። ጉሉኮስ ስጣት ብለው ጉሉኮስ የለም፤ ከደጋ የሚያመጣው መኪና ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ ቆሟል። ጨውና ስኳር በውኃ እንዴት እንደሚበጠበጥ አሳየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እማማ በአፋቸው ካልጠጡ እኔ የማደርገው የለኝም፤ ዘመድ ካለሽ ጥሪ» አለ። ዘመድ ጥሪ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ አለበለዚያ የጌታ ሥራ አይገባችሁም።

እኔ ፈሪ ነኝ። አዞ እፈራለሁ። ባሮ ዳር ለተወለደ ሰው ይህ ደንብ ነው። ግን አውሮፕላንም እፈራለሁ፤ ሜዳው ላይ ሊያርፍ ሲመጣ ልጆቼን እየጎተትኩ ቤት የምገባ እኔ ነኝ። ክልል ሆናችኋል የተባልን ጊዜ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ «አሁን ደግሞ ምን ሊመጣ ነው?» ብዬ በቆሎ አጠራቀምኩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እግዚአብሔርን እፈራ ነበር። መልካሙን ፍርሃት አይደለም የምላችሁ። የመጋዘን በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን ሰው ኪስ እንደሚፈትሽ ዘበኛ ነበር የሚመስለኝ። «ምን ደስታ ይዘሽ ልትወጪ ነው? አምጪው!» የሚለኝ። ተጠምቄአለሁ፣ እሑድ እሑድ እመጣለሁ፤ ግን የምቀመጠው በሩ አጠገብ ነበር። እዚያ ያለችውን ሴት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

ታዲያ ይህች ፈሪ ሴት ድራማ ትጽፍ ነበር።

ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እሱንም ሳልጨርስ ልጅ ወለድኩ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ለመከር ምስጋና ድራማ የሚጽፍ ሰው አጥተው ሲጨነቁ «እኔ ልሞክር» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ። አመለጠ እንጂ እኔ አላወጣሁትም። እዚህ ኑዌሩም አኙዋኩም ደገኛውም አብረን ስለምናመልክ ድራማው በአማርኛ መሆን ነበረበት። የእኔ አማርኛ እንደምትሰሙት ነው። ጎረቤቴ እትዬ ብዙነሽ ግን በሰፈራ የመጣች ደገኛ ናት፤ እየሳቀች ታርመኛለች፣ እያረመች ትስቃለች። እናም ጻፍኩ። ወንድሞች፣ የሌለ ሰው ተነስቶ በእኔ እጅ መናገር ሲጀምር እንዴት ደስ ይላል! ከሰዓት ባሮ ወርጄ ገላዬን እየታጠብኩ፣ አንድ ዓይኔን አዞ ላይ አድርጌ፣ በሌላው ዓይኔ ድራማዬን አያለሁ።

ያኔ እናቴ እኛ ቤት ነበረች። ግራ ጎኗ ሰንፎ፣ አፏ ወደ አንድ ወገን ዞሮ፣ ከወንዙ ታች ካለው መንደራችን በጀልባ አምጥተናታል። የማጥባት፣ የማገላብጣት፣ የማጎርሳት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አማቿ ስለሆነ በዚህ አይገባም። በእኛ በኑዌሮች ልማድ አማች በሚስቱ እናት ፊት አፉን ከፍቶ አይበላም፤ እሷም በእሱ ፊት አትበላም። ጥል አይደለም፣ ክብር ነው። ስለዚህ ምሳ ሲደርስ እናቴን ደግፌ ማንጎው ሥር አወጣታለሁ፤ ባለቤቴ ቤት ውስጥ ይበላል። እኔ በአንድ እጄ ኮፕ በወተት አጎርሳለሁ፤ ኮፕ የበቆሎ ዱቄት ተንፈርፍሮ በእንፋሎት የሚበስለው ምግባችን ነው። በሌላው እጄ የጻፍኩትን ይዤ በቋንቋችን እየመለስኩ አነብላታለሁ።

ድራማው ላይ አንድ ሰካራም ነበረ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊመክሩት ሲመጡ ትልቅ የዓሣ ቅርጫት ውስጥ ይደበቃል። እዚህ ጋ ስደርስ እናቴ ሳቅ በሳቅ ትሆንና አፏን ትከፍታለች፤ እኔም ማንኪያዬን ይዤ የምጠብቀው ያንን ነው። ደግሞ ታርመኛለች። «ሰካራም እንዲህ አሳምሮ አይናገርም። አባትሽን ረሳሽው?» ትለኛለች። እንዲህ እየሆነ ሳህኑ ያልቃል። እኔ ግን ይህን እንደ ሥራ አልቆጠርኩትም። ደስታ ስለነበረ ስርቆት መሰለኝ።

አንድ ቀን ከሴቶች ጋር ባሮ ዳር ዓሣ ጠብሰን እየበላን እየተሳሳቅን ሳለ ልጄ እየሮጠ መጣና አያቴን አተኮሳት አለኝ። ወባ ነበር። እኔ ግን ወዲያው አወቅሁ፤ ፈታሹ ኪሴን አገኘው አልኩ። ቤት ገብቼ በጉልበቴ ወደቅሁና ተሳልኩ። ድራማ አልጽፍም፣ ወንዝ ወርጄ አልታጠብም፣ የተጠበሰ ዓሣ አልበላም፣ ከእትዬ ብዙነሽ ጋር ተቀምጬ አልስቅም፤ እናቴን ብቻ ተውልኝ። ደብተሬን ለእትዬ ብዙነሽ ወስጄ ሰጠኋት። «ስለት ነው» ስላት «ለየትኛው አምላክ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተቀየምኳት።

ወባው በኪኒን ለቀቃት። ስለቱ ሠራ አልኩ። ጌታ ይመስገን አልኩ። ግን እናቴ መብላት ተወች።

ለምን እንደተወች ማንም አላወቀም። ባለቤቴ አናጢ ነው፤ ክልል ከሆንን ወዲህ ቢሮ ሁሉ ጠረጴዛና ወንበር ስለሚፈልግ እጁ አይፈታም ነበር። እናቴን ወባ የያዛት ዕለት ግን አዘነ። ለቢሮ የሠራውን አንድ ባለመደገፊያ ወንበር አምጥቶ ራስጌዋ አጠገብ አስቀመጠና «ማን ቱት፣ አንቺ ውኃ ስትቀጂ፣ ስትፈጪ፣ እኔ እየጸለይኩ እጠብቃታለሁ» አለኝ። ማን ቱት የቱት እናት ማለት ነው፤ በትልቁ ልጄ ስም ነው የሚጠራኝ። እኔ እንዴት ያለ ባል ሰጠኸኝ ብዬ አለቀስኩ። ልማዱስ? አላችሁኝ። እሱ እኮ እዚያ አይበላም፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እሷ ደግሞ የታመመች ሰው ናት፤ ለታመመ ምን ልማድ አለው? ደግሞስ አማኞች አይደለንም? ብለን አሰብን።

እሱም ጾም ያዘ። ከጠዋት እስከ ማታ ምንም ሳይቀምስ እዚያ ወንበር ላይ ነው፤ ሌሊትም እዚያው ያንቀላፋል። ሽማግሌዎች ሊጠይቁን መጥተው አዩትና ለሰው ሁሉ ምሳሌ አደረጉት። እናቴን ግን ወባው ስላደከማት ማንጎው ሥር ማውጣቱን ትቼ አልጋዋ ላይ ኮፑን ሳቀርብላት ከንፈሯን ትገጥማለች። ወተት ስል ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ዓሣ በመረቅ ሠራሁ፤ ዓይኗን ጨፈነች። ስለቴ ያነሰ መሰለኝና ጨመርኩ። ስኳር ተውኩ። ቀጥሎ ጨው ተውኩ። ማንጎ እንኳ ከዛፉ ወድቆ እግሬ ሥር ሲያርፍ እንደ እባብ ዘልዬው አልፋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ድራማው የት ደረሰ ብለው ሲመጡ በሬን ዘጋሁባቸው። ቤታችን ፀጥ አለ። እናቴም ከሳች፣ ደረቀች፤ በመጨረሻ ያ ጤና ረዳት መጥቶ ቆዳዋን ቆነጠጠ።

እንግዲህ ከእሱ መሄድ በኋላ የሆነውን ስሙ።

ባለቤቴ ወንበሩ ላይ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። እኔ የጨውና የስኳሩን ውኃ በጥብጬ በማንኪያ አቀረብኩ። ከንፈሯን ገጠመች። ባለቤቴ አላስቻለውም፤ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ አልጋው ሥር ተደፋሁ። «ጌታ ሆይ፣ ከእንግዲህ ምን ልተው? የቀረኝ የለም፤ ንገረኝና ልተው» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ቤቱን እየዞርኩ በዓይኔ ፈለግሁ፤ የምተወው ደስታ አላገኘሁም። እዚያ ላይ ጸሎቴ አለቀ።

ያኔ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። በሩን አየች። ወንበሩን አየች። ከዚያ በዚያች በዞረች አፏ፣ ቀስ ብላ፣

«ይሄ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?» አለች።

«የቱ ሰው?»

«ባልሽ ነዋ። ክልል ስትሆኑ ሥራ ጠፋ?»

«እማ፣ አንቺን ሊጠብቅ ነው እኮ የተቀመጠው!»

«ጠበቀኝ። አሁን ይሂድልኝና ልብላ።»

ወንድሞችና እህቶች፣ ማንኪያው ከእጄ ወደቀ። ለምን ሳትነግሪኝ ስላት እንደ ሞኝ አየችኝ። «እሱ ተቀምጦ እየሰማ ምግብ ልጥራ? እናትሽን ባለጌ ልታደርጊያት ነው?» አለች። ሴትዮዋ ልትሞት ነበር፣ ባለጌ ላለመባል!

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ባለቤቴ ከአገዳው አጥር ወዲያ ነው፤ ራሱ ብቻ ይታያል። ሩጫዬን ሲያይ ሞታለች ብሎ ፊቱ ወደቀ። እኔም ትንፋሼ አላወጣ ስላለኝ እጄን እያወዛወዝኩ ተመለስ፣ እንዳትገባ እለዋለሁ። በመጨረሻ «ርቧታል!» አልኩ። «አንተ ስለተቀመጥክ ነው ያልበላችው! ሥራ ሂድ!»

አጥሩን ያዝ አደረገ። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣

«እኔም ርቦኛል» አለኝ።

ለካ ጾሙ ጾም አልነበረም። እሷ ተኝታ ባለችበት ቤት መጉረስ ነውር ሆኖበት ነው። ተነስቶ እንዳይሄድ አማቱን ጥሎ ሄደ እንዳይባል ፈራ። እሷ እሱን እያከበረች፣ እሱ እሷን እያከበረ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው በክብር በረሃብ ሊያልቅ ነበር። እኔ ደግሞ መካከላቸው ቆሜ ጨው እተዋለሁ!

ወንበሩን እሱ ራሱ ተሸክሞ ወደ ቢሮው ሄደ። ከመንገድ ላይ ሰው አስቁሞት ምነው አማትህ ቢለው «እየበላች ነው» ብሎ አለቀሰ ይባላል። እትዬ ብዙነሽ ጩኸቴን ሰምታ ደርሳ ነበር፤ እናቴን በሁለት ወገን ደግፈን ማንጎው ሥር አወጣናት። የጨውና የስኳሩን ውኃ በማንኪያ ሰጠኋት። ዋጠች። ደገምኩ። ዋጠች። ጉሮሮዋ ሲወርድና ሲወጣ እንደማየት ያስደሰተኝ ነገር የለም። ኩባያው ሲጋመስ እጄን ያዘችና፣

«ያ ሰካራም ከቅርጫቱ ወጣ?» አለችኝ።

«አልወጣም እማ፣ ትቼዋለሁ።»

«እስከ ዛሬ እዚያ ውስጥ? ምን ዓይነት ክርስቲያን ነሽ!»

እትዬ ብዙነሽ ሄዳ ደብተሬን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ከሳቃችን የተነሳ እናቴ ትን እንዳይላት ጀርባዋን ስንመታ ነበር።

እዚያ ማንጎ ሥር ነው ጌታን ያገኘሁት። መጠመቄን አይደለም የምላችሁ፤ ያ ቀድሞም ነበር። ምን ልተው ብዬ ስለምነው ምንም ተዪ እንዳላለኝ ያኔ ገባኝ። እናቴን ያበላልኝ የነበረው ያ እንደ ስርቆት የቆጠርኩት ሳቅ ነው፤ እሱ ራሱ ሰጥቶኝ እኔ ነኝ መልሼ የወረወርኩበት። «ጌታ ሆይ፣ ፈታሽ መስለኸኝ ነበር፤ አባት ነህ ለካ» አልኩት። ሌላ ቃል አላገኘሁም። ስሙ ይባረክ!

ዛሬ የእናቴ ግራ እጅ እንደ ሰነፈ ነው፤ ያልተደረገውን ተደረገ ብዬ አልመሰክርም። ግን ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትቆጣለች። ባለቤቴ ምሳውን ከሚሠራበት ቦታ ይበላል፤ ጤናው ተመልሷል፣ እንዲያውም ሆድ አውጥቷል። እናቴ ከሰዓት ስታሸልብ እጽፋለሁ። አንዳንድ ቀን እትዬ ብዙነሽ ትጠብቅልኝና ባሮ ወርጄ እታጠባለሁ። ደክሞኝ አንድ መስመር ሳልጽፍ የምተኛበት ቀንም ብዙ ነው፤ የሚያገላብጡት ሰው ያላቸው እህቶች ያውቁታል። ግን የድካሜን ቀንም የሳቄን ቀንም ለአንድ አባት ነው የምሰጠው።

ከእናንተ መካከል ቤቱ በሽተኛ ኖሮ፣ ብስቅ ይወሰድብኛል፣ ብዘምር እቀጣለሁ ብሎ አፉን የገጠመ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ወደዚህ ጌታ ቅረቡ። ፍርሃታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እኔም ይዤው ነው የመጣሁት፣ አላባረረኝም። በእሱ ታመኑ።

እናቴ በሕይወት አለች። እኔም ከዚያ ፍርሃት ወጥቻለሁ። ደኅና ነኝ።