ጉንጬ ላይ የቀረው ቁንጭር

«እህቴ፣ ጠባሳውን ላጥፋልሽ?»

ባለፈው ሳምንት ነው፣ ዊንጌት አካባቢ ፎቶ ቤት ውስጥ። የምረቃ ጋዎን ለብሼ ከአባዬ ጋር ተነስተን፣ ፎቶ አንሺው ግራ ጉንጬን ኮምፒውተሩ ላይ አጉልቶታል። አባዬ ቀደመኝ። «አጥፋው፣ የእሳት ነው» አለ። እኔ ዝም ማለት አልወድም፤ ግን ሐሳቤ ዘጠነኛ ክፍል ወደነበርኩበት ጊዜ ሄደብኝ።

ያን ዓመት መስቀልን አባዬ አገር፣ ጋሞ፣ ነበር የዋልነው። እንደ አባዬ ያለ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ዓመቱን ሙሉ ሲሸምን ይከርምና ለመስቀል አገሩ ይገባል። ከአውቶብስ ስንወርድ ጭጋጉ ፊት ያረጥባል። በቅቤና በዳጣ ቆጮ እየበላን፣ ከአክስቴ ልጆች ጋር ሽኮኮ የሚኖርበት ገደል ሥር ስንጫወት እናመሻለን።

ከወራት በኋላ ጉንጬ ላይ አንድ ነገር ወጣ። ብጉር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሰፋ፣ ቆሰለ፣ ቅርፊት አበጀ። አባዬ ሸማ የሚሸጥበት ሱቁ ውስጥ ወንበሬን አዙሮ ጉንጬን ወደ ግድግዳ አደረገው። የቆየ ጠባሳ ያለበትን ጉንጩን እንዲደብቅለት የራሱም ወንበር ሁሌ እንደዚያ እንደሆነ ያኔ ነው ያየሁት። ደንበኛ ሲጠይቅ «እሳት ነው» ይላል፣ ስለሱም ስለኔም።

በቃ አልቻልኩም። «ሐኪም ጋ ካልወሰድከኝ ብቻዬን እሄዳለሁ!» አልኩት።

ሐኪሟ ቁስሉን አየችና «ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ የወጣበት አለ?» አለች።

አባዬ መጀመሪያ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ጉንጩን ወደ መብራቱ አዞረ። «እኔ። ቁንጭር ነው። እኛ መንደር ያልወጣበት የለም።»

«ታዲያ ምን ያሳፍራል? ትንሽ ዝንብ ናት ከሽኮኮ ወስዳ ለሰው የምትሰጠው። ከእርስዎ አልተጋባባትም።»

ትከሻው ቀለል ሲለው አየሁት። እኔን ጥፋተኛ አድርጎኝ አልነበረም፣ ለካ ራሱን ሲከስ ነው የከረመው።

መርፌው ግን! እዚያው ቁስሉ ላይ ነው የሚወጉት። አላለቀስኩም። እሺ፣ አንዴ።

ቁስሉ ዳነ፣ ጠባሳው ቀረ። እኔ ወንበሬን ወደ መንገዱ አዞርኩ። አባዬ ግን ሰው ሲጠይቀው ዛሬም እሳት ነው የሚለው። እኔም ለሱ ብዬ ዝም ስል ኖሬያለሁ። የሚያሳፍረኝ ይሄ ዝምታዬ ነው፣ ጠባሳው አይደለም።

ፎቶ አንሺው ማውሱን ይዞ ይጠብቃል። የአባዬን ክንድ ያዝኩ።

«እንዳትነካው» አልኩ፣ ወረፋ የያዙት ሁሉ እስኪዞሩ ድረስ። «እሳት አይደለም፣ ቁንጭር ነው። ከአባቴ አገር ነው ያመጣሁት። የሱንም እንዳትነካ!»