ዱባለ የመረጣቸው ዓሦች

ቀራንዮ ውስጥ ወርቅዬን በቁጣዋ የማያውቃት አልነበረም። “ያቺ ሴትዮ ሳትቆጣ ውላ ታውቃለች?” ይሏት ነበር። አታውቅም። ግን ምን እንዳስቆጣት የጠየቃት ሰው የለም።

የተወለደችው አባያ ሐይቅ ዳር ነው፤ አባቷ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ባሏ ዱባለ ግን የጋሞ ደጋ ሰው፣ ሸማኔ ነው፤ ዓሣ የሚያውቀው ሳህን ላይ ብቻ። ጃንሆይ ከመውረዳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከመድኃኔ ዓለም ጀርባ ጣልያን ድንጋይ ሲያወጣበት በነበረው ካባ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ አየችና ባሏን ለመነችው። ዱባለም ዶማውን አንሥቶ ጉድጓዱን አሰፋው፣ ዳሩንም ገደበው። እሷ ዝዋይ ወርዳ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ በበርሜል ጫነች። እንዳይታፈንባት መኪናው ላይ ቆማ ውሃውን በጣሳ እየቀዳች እየመለሰች ቀራንዮ አደረሰችው።

የኩሬው ሥራ እንዳለቀ ዱባለ እግሩን አነሣ። አስኮ ሌላ ሴት ይዞ ልጆቹን ለወርቅዬ ትቶላት ሄደ።

ኩሬው ዳር ተቀምጣ ዓሦቹን ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ፀሐይ ውሃውን ስታሞቀው ወንዱ ቆሮሶ በአፉ ጭቃ እየዛቀ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ይቆፍራል። ይቀላል፣ ይንጎራደዳል፣ የተጠጋውን ወንድ ሁሉ ያባርራል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን ትጥልና ወዲያው በአፏ ትለቅመዋለች። እሱ በዚያው ጎድጓዳ ሌላዋን መጥራት ይጀምራል። እሷ አፏን ዘግታ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ ልጆቿን ይዛ ትከርማለች። ከተፈለፈሉ በኋላ እንኳ የሚያስደነግጥ ነገር ሲመጣ ተሻምተው ተመልሰው እዚያው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

“የዱባለ ዘመድ” ትለው ነበር ወንዱን፣ ጠጠር እየወረወረችበት።

ያም ሆኖ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ኩሬ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ሰፈሩ ዓሣ የሚገዛው ከእሷ ነበር፤ ወሬውም አስኮ ደረሰ። ዱባለ በጾሙ አጋማሽ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። “የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ኩሬው የኔ ነው” አለ። ለሽማግሌ ተቀመጡ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አቶ ገብረአምላክ፣ እሳቸውም ሸማኔ፣ የዱባለ አገር ሰው ናቸው።

“ወርቅዬ፣ ጉድጓዱን እሱ መቆፈሩን አትክጂም” አሏት።

“አልክድም፣ ጋሼ። እሱስ ልጆቹ የሱ መሆናቸውን ይክዳል?”

“እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።”

“እንዴት ነው ሌላ የሚሆነው? ይሄን ኩሬ ሲወስድ ምን ላበላቸው ነው?”

“ንዴትሽን ዋጥ አድርጊና ስሚ።” በአገራቸው ወግ መሬት ያቀና ሰው ቀድሞ ይመርጣልና እንደዚያው ፈረዱ። ኩሬው የዱባለ ይሁን፤ ዓሣውን እኩል ይካፈሉ፤ ቀድሞ የሚመርጠው ግን የቆፈረው ነው። ያንን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ጣሳ ይዞ ኩሬው ዳር ያልቆመ ሰው ነው የሚመርጠው።

በማግስቱ ዓሦቹ በመረብ ወጡ። ዱባለ እጅጌውን ሰብስቦ ትልልቁን፣ ደማቁን፣ ሲይዙት የሚፈራገጠውን እየለየ ወደ ራሱ በርሜል ጨመረ። ትንንሹን ሳያየው ወደ እሷ ወረወረ። መንጋጋቸው ያበጠባቸውንም አንድ ባንድ ወደ እሷ ገፋቸው።

“እነዚህማ ታመዋል። ትናንት ፍርፋሪ ብጥልላቸው ዞርም አላሉ። ይዘሻቸው ሂጂ።”

ወርቅዬ አፏን ከፈተች። ስትነግረው፣ ስታርመው የኖረች ሴት ናት። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አየችና አፏን ዘጋችው። ጎረቤት ሁሉ፣ ወርቅዬ ዝም አለች፣ ብሎ ተገረመ።

ጎረቤቷ ገሜዳ ከብቶቹ የሚጠጡበትን፣ ፀሐይ የሚያገኘውን ጥልቀት የሌለው ኩሬ ሰጣት። ዓሦቿን በእንስራ ስታመላልስ በንዴት ታለቅስ ነበር። አንድ እንስራ እንኳ ሌላ ሰው እንዲሸከምላት አልፈቀደችም።

ዓመት ዞረ። የገሜዳ ኩሬ ዳር ዳሩ በትንንሽ ዓሦች ይርመሰመሳል። ዱባለ ግን ያሉትን እየሸጠ፣ እየበላ፣ ጉድጓዱ ባዶውን ሊቀር ደረሰ። አስደግማብኛለች ብሎ ከሰሳት። እነዚያው ሽማግሌዎች ጠሯት።

“የዱባለ ዓሣ ለምንድን ነው የማይወልደው? ምን አድርገሽበት ነው?” አሉ አቶ ገብረአምላክ።

“ምንም። እሱ ይምረጥ አላችሁ፤ መረጠ። ያ ትልልቁ፣ ያ ደማቁ፣ ሁሉም ወንድ ነው። ታመዋል ብሎ የጣለልኝ ሴቶቹን ነው፤ አፋቸው ያበጠው ልጅ ይዘው ነው። ከትንንሾቹ መሀል ያላያቸው ወንዶች ነበሩ፤ እነሱ በቁኝ።”

“ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም?”

“ንዴትሽን ዋጥ አድርጊ ብለውኝ ነበር። ዋጥኩት።”

ዱባለ ጋቢውን ያስተካክላል። ወርቅዬ ቅርጫቷን አንሥታ ወደ እሱ ዞረች፤ የአምናው ንዴቷ አልበረደላትም።

“ቆፋሪ ይምረጥ ተብሎልሃል” አለችው። “ቆፋሪዎቹን ሰብስበሃል። ይውለዱልህ።”

ሁዳዴ ስለነበር ገበያተኛ ይጠብቃታል፤ ወጥታ ሄደች።