ለሐጂ ያዘጋጀሁት ንግግር

ዛሬ ጠዋት በአንድ መጋዘን ደጅ ሳልፍ የደረቀ ቆዳ ሽታ መጣብኝና እግሬ አልነቃነቅ አለኝ። ሌላ ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል። እኔ ግን ቆሜ እስኪበቃኝ ማግኩት፤ እንግሊዝኛ ያስተማርኩት እንዲህ በሚሸት ቤት ውስጥ ነበርና።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ኤደን ወደብ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኜ አራት ዓመት ሠርቼ ሐረር ስመለስ፣ በከተማው ፈረንሳይኛ የሚያውቅ አይጠፋም፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ግን እምብዛም አልነበረም። ፈላና በር አጠገብ አንድ ቆዳ ነጋዴ መጋዘኑን ለቀቀልኝና ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ወደ ማምሻው፣ ስምንት ሰው ማስተማር ጀመርኩ። ሰባቱ የጀጎል ነጋዴዎችና ደላሎች ነበሩ፤ አንዱ እንደኔው የክርስቲያን ልጅ፣ የጉምሩክ ጸሐፊ።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ሐጂ ለንግድ ብለው አልነበረም የመጡት። ወንድ ልጃቸው ደረቱን ታሞ ኤደን ሆስፒታል ተኝቷል። እዚያ ደርሰው የእንግሊዙን ሐኪም በገዛ አፋቸው መጠየቅ ፈለጉ። አስተርጓሚ ለምን አይዙም ብላቸው፣ "አስተርጓሚ ያዝንልኛል። የሚያዝንልኝ ሰው ደግሞ እውነቱን አይነግረኝም" አሉኝ። ለመንገዳቸው የቀረው ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። በሦስት ሳምንት አፋቸውን ካልፈታሁማ መምህር አልባልም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ችግሩ፣ አየህ፣ ማንም የሚናገር አልነበረም። በአንድነት በሉ ስላቸው፣ እነሱ በቁርአን ቤት፣ ጸሐፊው በቄስ ትምህርት ቤት እንደለመዱት፣ ጣራው እስኪነሳ ያነበንባሉ። አንዱን ብቻህን ተናገር ስለው ጭጭ ይላል። ስለዚህ ገበያ አሰብኩላቸው። እሁድን ሙሉ ቁጭ ብዬ ማን ሻጭ፣ ማን ገዢ እንደሚሆን፣ ማን ምን ብሎ እንደሚጀምር በደብተሬ ጻፍኩ። ሰኞ ሐጂን ሻጭ፣ አንዱን ደላላ ገዢ አድርጌ ፊት ለፊት አቆምኳቸውና ተከራከሩ አልኩ። ደላላው ኩታውን በእጆቻቸው ላይ ጣል አደረገ። የከብት ዋጋ እንደሚቆረጠው ሁሉ ከኩታው ሥር ጣት ለጣት ተነካኩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደገና ተነካኩ፣ ተስማምተው ተቀመጡ። አንዲት ቃል አልወጣቸውም።

"ጨርሰናል፣ ኡስታዝ" አሉኝ ሐጂ ኮራ ብለው።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ጠመኔውን ወርውሬ ወጣሁ። ያኔ ቁጡ ነበርኩ፤ አሁንም ያው ነኝ። ደጅ ቆሜ ንዴቴ በረድ ሲል ነው የገባኝ። ያለ ቃል ሲያደርጉት የኖሩትን ነገር በቃል አድርጉት ብያቸው ነበር።

በማግስቱ እያንዳንዱን ለብቻው ጠርቼ፣ በእጅና በጥቅሻ የማይሆንልህ ነገር ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ለአንዱ የመርከብ ሹም፣ ለሌላው የበርበራ ጉምሩክ አዛዥ ሆንኩለት። ለሐጂ ሐኪም ሆንኩ። ኩታዬን ደርቤ ጆንያ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ከበር ገብተው "ሀው ኢዝ ማይ ሰን?" ይሉኛል፣ ልጄ እንዴት ነው ማለታቸው ነው። ተሽሎታል፣ ምግብ ይበላል፣ በቅርቡ ይወጣል እያልኩ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። በቀን አሥር ጊዜ ያህል አስገባቸው ነበር። መጀመሪያ ድምፃቸው አይሰማም፤ በሦስተኛው ሳምንት ከመንገድ ይሰማ ጀመር።

ሊሄዱ ሰሞን የጉምሩኩ ጸሐፊ ጎተት አደረገኝና፣ "ሐኪሙ ሌላ መልስ ቢሰጣቸውስ?" አለኝ። አስቤበት ነበር። ያንንም መልስ ደብተሬ ላይ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ፈገግ ብለው ከበር የሚገቡትን ሰው እያየሁ ያንን ቃል ከአፌ ማውጣት አልሆነልኝም።

"እሱን አላስተምርም" አልኩት።

ሐጂ በድሬዳዋ ባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ ኤደን ተሻገሩ። ሁለት ወር ያህል ወሬያቸው ጠፋ። አንድ ማክሰኞ ትምህርት ላይ ሳለን ገቡ። ከስተዋል። ልጃቸው እሳቸው ከመድረሳቸው አራት ቀን በፊት ሞቶ ነበር። ተማሪዎቹ ተነስተው አላህ ይዘንለት እያሉ እጃቸውን ያዟቸው። ከዚያ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሐኪሙ ጥያቄዬ ገባው" አሉኝ። "ቁጭ በል አለኝና መለሰልኝ። ያንን መልስ አላስተማርከኝም ነበር፣ ልጄ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ ልል አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ዛሬ ሐኪሙ እኔ ልሁን" አሉ።

ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ጸሐፊው ከበር ገብቶ ጠየቃቸው። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ቁጭ በል አሉት። ሲቀመጥ፣ እኔ የሰረዝኩትን ቃል ቀስ ብለው፣ አጥርተው ተናገሩት። ከዚያ ሁላችንንም አንድ በአንድ አስደገሙን። የመጨረሻው ተራ የኔ ነበር፤ ድምፄ እስኪጠራልኝ ድረስ አስደገሙኝ።